ውኃውን አታፍኑት

የተከበራችሁ የፊልም ባለሙያዎች፣ ውድ ወጣቶች፣

ዛሬ ማታ በሙሮች (በመካከለኛው ዘመን ስፔን ውስጥ በገዙት ሙስሊሞች) ጥንታዊ ሕንፃዎች ላይ የተሠሩ አጫጭር የሙከራ ፊልሞች እናያለን። ወግ ነውና አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ፤ ቀሪውን ጊዜ ግን ለአንድ ጉዳይ እፈልገዋለሁ፤ ለውኃ ድምፅ።

ስፔን ውስጥ፣ ግራናዳ ላይ፣ አልሃምብራ የተባለውን ቤተ መንግሥት ያነፁት ሰዎች ውኃውን ከዳሮ ወንዝ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ በቦይ ስበው ኮረብታው ላይ አወጡት። እዚያ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ድምፁን ለየቦታው መጠኑት። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በአራያኔስ አደባባይ ያለው ገንዳ 34 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውኃው ከሁለቱ ጫፎች፣ ከክብ የእብነ በረድ ሳህኖች ቀስ ብሎ ስለሚገባ የኮማሬስ ግንብ ነጸብራቅ አይረበሽም። ጥቂት አልፋችሁ የፏፏቴውን ገንዳ የተሸከሙት 12ቱ የእብነ በረድ አንበሶች ጋ ስትደርሱ ግን ውኃው ይናገራል። ዝምታውም ድምፁም እንደ ዓምዱና እንደ ጣሪያው ታስቦበት የተሠራ ነው!

የግራናዳው ተወላጅ፣ የፊልም ባለሙያው ሆሴ ቫል ዴል ኦማር ይህ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1955 በሠራው «አጉዋኤስፔኾ ግራናዲኖ» በተባለ ፊልም ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከተመልካቹ ፊት፣ ሌላውን እንዲመልስለት ከጀርባው አደረገው። እኛስ? ሁለቱንም ስፒከር ከስክሪኑ ግራና ቀኝ እንገትራለን! ከኋላ ሊመልስ የተቀዳው ድምፅ ከፊተኛው ጋር ተደርቦ ጫጫታ ይሆናል። ረጅም አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከፊተኛው ስፒከር 17 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ድምፁ 50 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የኋለኛው ግን ጆሮው ሥር ስለሆነ መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። ስለዚህ የኋለኛው ድምፅ መዘግየትም፣ ዝቅ ማለትም አለበት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የዘንድሮ ሥራዎች ላይ የሚለጠፈው ሙዚቃ ነው። የዑድ (የዐረቦች ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ቅጂ ከኢንተርኔት አውርዶ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ማልበስ ስንፍና ነው! ውኃው ራሱ አለ፤ ቅዱት! ከሩቅ ከቀዳችሁት እንደተበላሸ ሬዲዮ «ሽ…» ብቻ ይላል። ማይክሮፎኑን ውኃው ከሚወድቅበት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠግታችሁ፣ ፍንጣሪ እንዳይነካው ወደ ጎን አዘንብሉት፤ የንፋስ መከላከያውንም አትርሱ። ቀጥሎ ከግድግዳው ጥግ ሆናችሁ የአደባባዩን ማስተጋባት ለብቻው ቅዱና ሁለቱን በኋላ አመጣጥኑ።

ስለ ምስሉ አንድ ነገር ብቻ። ነጸብራቅ ስታነሱ ፎከሱ ውኃው ገጽ ላይ ከሆነ ውኃው ላይ የተንሳፈፈው ቅጠል ጠርቶ ይታያል፣ ግንቡ ይደበዝዛል፤ ግንቡ ላይ አድርጉት። ፖላራይዘር ፊልተርም ያለቦታው ከዞረ ነጸብራቁን ያጠፋዋል።

ቴክኒሻኖቻችን፣ መብራቱ ሳይጠፋ የፊትና የኋላውን ቻናል አንድ በአንድ ፈትሹልን። አመሰግናለሁ።