የመስቀል ወፍ በጋውን የት ትከርማለች?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከገጠር ድረስ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የወፍ ፎቶ ለማየት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ዘመድ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ብቅ ሲል ምን እንለዋለን? «ምነው፣ የመስቀል ወፍ ሆንክብን!» እንለዋለን። ወፏ ከአደይ ጋር መጥታ ከአደይ ጋር የምትሄድ ስለሚመስለን ነው። እኔም እንደዚያው እያመንኩ ነው ያደግሁት። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ሌላ ነገር ነው። የመስቀል ወፍ ባሕር ተሻግራ አትሄድም። በጋውንም የምትከርመው እዚሁ አገራችን፣ እዚሁ ማሳችን ላይ ነው።

ያደግሁት ደምበጫ አካባቢ ነው። ዳጉሳ ሲያፈራ የኔ ሥራ ወፍ መጠበቅ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማማ ላይ የዋለ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ገና ሳይነጋ ትወጣለህ። ቆሎህን ቋጥረሃል፣ ወንጭፍህን ይዘሃል። ፀሐይ ፈንጠቅ ስትል ወፎቹ በመንጋ ይመጣሉ። ቡኒ ናቸው፣ ዝንጉርጉር ናቸው፣ ከድንቢጥ አይለዩም። ዳጉሳው ላይ ሲያርፉ ማሳው ራሱ የሚነቃነቅ ይመስላል። ትጮሃለህ፣ ታስወነጭፋለህ፣ ግር ብለው ይነሳሉ፣ ማዶ ሄደው ያርፋሉ። እንዲህ ስትል ይመሻል። ለኔ ያን ጊዜ ወፍ ማለት እህል ጨራሽ ነበር። ስም እንኳ አልሰጠናቸውም። «ወፍ» ነው የምንላቸው፣ በቃ።

ካሜራ የያዝኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያገለገለ ካሜራና ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ አንድ ባለ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ገዛሁ። መጀመሪያ ትልልቁን ነበር የማሳድደው። ጣና ሄጄ ንስሩንና ፔሊካኑን አነሳሁ። ጮቄ ተራራ ወጥቼ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቁን ቁራ አነሳሁ። እኛ ዝም ብለን ቁራ እንለዋለን እንጂ፣ እሱን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። እኔ ስንቱን አውቅ ነበር? ከአሥር አይበልጥም።

አንድ ቀን ባሕር ዳር፣ ደንገል አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጥቁርና ነጭ የሆነች ዓሣ አዳኝ ወፍ መጣች፤ ኪንግፊሸር ከሚባሉት ናት። ከውኃው በላይ አየር ላይ ቆመች። ክንፎቿ ይርገበገባሉ፤ ጭንቅላቷ ግን በምስማር የተመታ ይመስል ንቅንቅ አይልም። ከታች ያለችው ዓሣ ከዓይኗ እንዳትጠፋ ነው። ከዚያ ቁልቁል ተወረወረች። እኔ ጣቴን እስክጫን ድረስ ውኃው ላይ የቀረው ክቡ ሞገድ ብቻ ነበር። እንደገና መጣች፣ እንደገና አመለጠችኝ። የሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ፍጥነት ወደ ሴኮንድ 1/2000 ከፍ አደረግሁ። ደግማ ስትመጣ ዝግጁ ነበርኩ። ጥሩዋ ፎቶ የተገኘችው ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጠበቅሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ቁጭ ማለት ተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሩቅ መሄድ ተውኩ። እናቴ ቤት አጠገብ አንድ ጨፌ አለ። ካቻምና ከግንቦት ጀምሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ እየሄድኩ እቀመጥ ጀመር።

ሰኔ ላይ አንድ ቡኒ ወፍ ረጅም ሣር ላይ አረፈ። አነሳሁት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳጎላው ግንባሩ ላይ ሦስት አራት ቢጫ ላባ አየሁ። የአበባ ብናኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ስሄድ ቢጫው ጨምሯል። ሐምሌ ላይ ጀርባው ቢጫ አወጣ፣ ደረቱ በጥቁር ተጠቃጠቀ። በሩ አጠገብ ያለችው ሦስተኛዋ ፎቶ እሷ ናት። ስትወጡ ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። ግማሹ የበጋ ልብስ ነው፣ ግማሹ የመስከረም። አንዲት ያረጀች ቡኒ ላባ ልትወድቅ ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯ አዲሱ ቢጫ እንደ ቡቃያ ብቅ ብሏል።

ነሐሴ ሲያልቅ ቢጫና ጥቁሩ ሙሉ ሆነ። ላባውን ነፍቶ እንደ ጥጥ ድቡልቡል እያለ፣ እንደ ጢንዚዛ ሣሩ ላይ ያንዣብብ ጀመር። እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንለው እሱኑ ነው። በሌላ አገር ቀይና ጥቁሩን የሚሉ አሉ፣ ጅራተ ረጅሙን የሚሉም አሉ። ነገሩ ግን ተመሳሳይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሣር ያድጋል፣ ጎጆ የሚሠራበት ጊዜ ይደርሳል፣ ወንዱ ሴቷን ለመሳብ ያጌጣል። ጊዜው ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡኒ ይሆናል። ከመንጋው ጋር ይቀላቀልና ዳጉሳ ፍለጋ ይወጣል።

ፎቶዎቹን ለእናቴ አሳየኋት። ቡኒውን ስታይ፣ «ይህችንማ አውቃታለሁ፤ ዳጉሳችንን የምትጨርሰው ናት» አለች። ቢጫውን ስታይ ፊቷ በራ። «የመስቀል ወፍ!» አለች። አንድ ወፍ ናቸው አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን ተራ በተራ ደጋግማ አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እንዴ ልጄ! መስከረም ላይ እሰይ መጣሽልን ብለን፣ ኅዳር ላይ በድንጋይ የምናባርራት እሷኑ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እኔም ማማ ላይ ሆኜ ስንቱን ወርውሬበታለሁ። ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ገበሬው እህሉን አይጠብቅ አልልም። ዳጉሳ እንጀራ ነው፤ የልጅ ደብተር ነው። እኔ የምለምነው ስለ ጨፌው ነው። የእናቴ ጨፌ በልጅነቴ ከነበረው ግማሹ ነው የቀረው። ዳር ዳሩ ታርሷል፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል። ይህችን ትንሽ ጨፌ ግን ማንም አይመዘግባትም። እኛ ካላየናት ማንም አያያትም። በክረምት ሣሯ ከታጨደ ወፉ የሚያጌጥበት ቦታም፣ ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ቦታም የለም። አጨዳው ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉና እስኪበሩ ቢቆይ ምን አለበት?

ፎቶ ለማንሳት ለምትፈልጉ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጎጆ ስታገኙ ራቁ። ምስሉ ጥርት እንዲል ብላችሁ ሣሩን አትግለጡ፣ ቅርንጫፉን አትቁረጡ። ሣሩ ለጫጩቶቹ ጥላቸውም መደበቂያቸውም ነው። እናንተ ስትሄዱ ቁራው ወይ ጭልፊቱ ይመጣል። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ጎጆ አበላሽቻለሁ። ፎቶው አለኝ፤ ግድግዳው ላይ ግን አልሰቀልኩትም። ሌላው ሁሉ በልምድ ይመጣል። ብርሃኑ ከማለዳ እስከ 3 ሰዓት ነው ደስ የሚለው። ከወፉ ዓይን ትይዩ ዝቅ በሉ። ዓይኑ ጥርት ካለ ሌላው ቢደበዝዝም ፎቶው ይናገራል።

ሰው ሁሉ በተጨነቀበት ጊዜ ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን ጭንቅ በነበረብኝ ጊዜ ሁሉ ልቤ የተመለሰው እዚያ ጨፌ ዳር ነው። አንዲት ላባ እስክትወድቅ መጠበቅ ነበረብኝ። ሌላ ምንም ማሰብ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ከዚህ አዳራሽ በር እንነሳለን። መምጣት የምትፈልጉ ኑ። ካሜራ የሌለው ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ ስልክም ይበቃል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ወፎቹ ይሸሻሉ። ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን። ወንዶቹ አሁን ገና ቢጫ ናቸው፣ እንደርስባቸዋለን። ኅዳር ላይ ደግሞ በእናቴ ዳጉሳ ማሳ ዳር እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ከቡኒዎቹ መካከል የትኛው እሱ እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። አብረን እንፈልገዋለን።

አመሰግናለሁ።