የሰው ዕረፍት እያነጠፍን
(በላስ ቬጋስ በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ኮሚቴው «ስለ ጤና ትንሽ ተናገሪ» ብሎኛል። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ወገብ ሕመም። እሺ አልኩ። ግን ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ነርሶች እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። ቡናው ሲቀርብ እነሱን ጠይቋቸው። እኔ የማወራው ስለ ዕረፍት ነው። ብቻን ስለሚወሰድ ዕረፍት። ኮሚቴው አይቀየመኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ስትሪፕ ላይ፣ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ የሆቴል ክፍል እያጸዳሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። አንሶላ ቀይሬ፣ ፎጣ አጣጥፌ፣ የሰው ዕረፍት ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። እንግዶቹ ጠዋት በባዶ ጠርሙስና በአዲስ ጫማ ይወጣሉ፤ ማታ ፊታቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። በማግስቱ የመታጠቢያ ገንዳውን ስከፍት ከታች ቀይ አሸዋ ተኝቷል። ደቃቅ ነው፤ በውኃ ብቻ አይለቅም፣ በስፖንጅ መፈተግ አለበት። ስንቱን ፈተግኩት! አንድም ቀን ግን «ይሄ አሸዋ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ አልጠየቅኩም።

እናንተስ? ታክሲ የምትነዱ፣ ካርድ የምታድሉ፣ መኪና የምታቆሙ፣ ወጥ ቤት የምትሠሩ። ይህ ከተማ እንጀራ የሚበላው ሰው ዕረፍት ስለሚወጣ ነው። ካውንቲው እንኳ በፈረንጆቹ 2023 ሰፈራችንን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞልናል። ስም ወጥቶልናል፣ ምግብ ቤቶቻችን ሞልተዋል። ዕረፍት ግን አናውቅም። ሸቀጡን እንሸጣለን እንጂ አንቀምሰውም።

ሬድ ሮክ ካንየን፣ ያ ቀዩ የድንጋይ ሸለቆ፣ ከስትሪፕ 17 ማይል ነው። አሥራ ሰባት! እንግዳ አድርሳችሁ መኪናው ውስጥ ተኝታችሁ የጠበቃችሁ ሾፌሮች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚያ ተራራ ላይ ግራጫው ድንጋይ ከቀዩ በላይ ተቀምጧል። ግራጫው በዕድሜ ይበልጣል፤ መሬት ተገፍቶ ሽማግሌው ወጣቱ ላይ ወጥቶ ቀረ። እንደ አንዳንድ ኮሚቴ ማለት ነው። ስቀልድ ነው።

«ዕረፍትማ እንወጣለን፤ አገር ቤት እንሄዳለን» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ስለዚህ ዕረፍት እናውራ። ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ቀን አጠራቅማለሁ። ከዚያ ሁለት ሻንጣ እሞላለሁ። አንዱ ውስጥ የእኔ የሆነ ነገር የለም፤ የጎረቤት ልጅ ጫማ፣ የአክስቴ መድኃኒት፣ «ቀላል ናት» ተብላ የተሰጠችኝ የሰው ዕቃ። ቦሌ ስደርስ ሽቶ ያልመጣለት ይቀየማል። ስልክ የመጣለት ደግሞ የካሜራውን ዓይነት አይቶ ይቀየማል። ጠዋት ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ሳልኖር የሞተ ሰው ስላለ በየቤቱ መድረስ አለብኝ። ከሰዓት ሰርግ። ማታ የቤተሰብ የመሬት ክርክር፤ እኔ ዶላር ስላለኝ ዳኛም ከፋይም እኔው ነኝ። በመሐል የሆነ ሰው «ወፈርሽ» ይለኛል። ሌላው ወዲያው «ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» ይለኛል። ስመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ እግሬ አብጦ፣ ቦርሳዬ ባዶ ሆኖ፣ ነገ ጠዋት ሺፍት አለብኝ።

አገሬን እወዳለሁ። ነገም እሄዳለሁ። ግን እሱን ዕረፍት አትበሉብኝ! እሱ ግዴታ ነው፤ ፍቅርም ነው። ዕረፍት አይደለም።

ባለፈው ሚያዝያ ጥቂት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ብቻዬን ሞአብ ሄድኩ። ዩታ ውስጥ ነው፤ አርችስ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ። ለሰው ተናግሬ ነበር፤ እሱ ነው ጣጣው።

ስልኬ አላረፈም። አንዷ «ከባልሽ ተጣላሽ?» አለችኝ። ባሌ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ኳስ እያየ ነው። ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪም ምን አለሽ?» አለችኝ፤ የማልድን መስሏታል። አንድ የማከብራቸው አባት «ልጄ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብለው መከሩኝ። እውነት ነው አባቴ። መድኃኒትም ሲበዛ ያማል።

እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደወለች። የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። በአስጎብኚ የምገባበት ቦታ ስሙ የእሳት እቶን እንደሚባል ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሠለስቱ ደቂቅን ያወጣ ገብርኤል አንቺንም በሰላም ያውጣሽ» ብላ መረቀችኝ። በቃ። ለምን ብቻሽን፣ ከማን ጋር፣ ምን ሆነሽ፣ አንዱንም አላነሳችም። ከደወለልኝ ሰው ሁሉ ያልመረመረችኝ እሷ ብቻ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የምታጨበጭቡም ካላችሁ እዚህ ጋ ነው። ወንዱ ብቻውን ካዚኖ ገብቶ ሲያድር ማን ደውሎ ያውቃል? ደሞዙን አስረክቦ ጎህ ሲቀድ ሲወጣ «ከሚስትህ ተጣላህ?» ያለው ማን ነው? «ሐኪም ምን አለህ?» ያለው ማን ነው? ማንም! «ተወው፣ ሊዝናና ነው» እንላለን። ሴት ብቻዋን ድንጋይ ልታይ ስትሄድ ግን አገር ይንጫጫል። አባቶቻችን ብቻቸውን በረሃ ሲወርዱ መናኝ ብለን እግራቸውን ስመናል። እኔ አልመነንኩም። ሆቴል ይዤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ በአራተኛው ቀን የምመለስ ሴት ነኝ። ይሄ ያስለቅሳል?

ወደ ጉዞው ልመለስ።

መንገዱ ከዚህ በኢንተርስቴት 15 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ከዚያ በ70 ወደ ምሥራቅ ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ይነዳል። ሾፌሮች ስሙኝ፤ ከሳላይና እስከ ግሪን ሪቨር ከ100 ማይል በላይ ነዳጅ ማደያ የለም። ሳላይና ላይ ነዳጃችሁን ሙሉ።

አርችስ ውስጥ ከ2,000 በላይ የድንጋይ ቅስቶች አሉ። የእሳት እቶን የሚሉት ክፍል ግን ለብቻው ነው። ረጃጅም ቀይ የድንጋይ ግድግዳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመሐላቸው ጠባብ መተላለፊያ። አንዱ ያሳልፋል፣ ሌላው አፍንጫህን ግድግዳ ላይ አጋጭቶ ይመልስሃል። ስሙን ያገኘው ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ፍም ስለሚቀላ ነው እንጂ ውስጡስ ጥላ ነው። የስልክ ካርታ እዚያ ብዙ አያዋጣም፤ ግድግዳው ሳተላይቱን ይጋርደዋል። ስለዚህ ወይ ከፓርኩ ጠባቂና አስጎብኚ፣ ከሬንጀር ጋር ትገባለህ፣ ወይ ፈቃድ አውጥተህ መመሪያውን ሰምተህ በራስህ ኃላፊነት ትገባለህ። እኔ ከሬንጀሯ ጋር ገባሁ። ብቻን መሄድ ማለት መንገድ የሚያውቅ ሰውን መናቅ አይደለም።

ሬንጀሯ ነጭ ፀጉሯን የጎነጎነች ሴት ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ከመግባታችን በፊት የሁላችንንም ውኃና ጫማ አየች። ሰንደል ጫማ ያደረገ አንድ ወጣት ነበር፤ አናገረችው፤ መኪናው ጋ ሄዶ ቀይሮ መጣ። ማመላለስ የለ፣ ልመና የለ።

ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ቁጢጥ አለችና መሬቱን አሳየችን። ጥቁር፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነገር አሸዋው ላይ ለብሷል። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር፤ ሥራዬ ነዋ። ሕይወት ያለው አፈር ነው አለችን። ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች የአሸዋውን ቅንጣት እንደ ክር አያይዘው ይይዙታል። ነፋስ እንዳይወስደው፣ ዝናብ እንዳያጥበው፣ ዘር እንዲበቅልበት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ረግጦት ካለፈ እስኪያገግም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ በድንጋዩ ላይ ወይም ጎርፍ በሄደበት ባዶ አሸዋ ላይ ብቻ ነው የሚረገጠው። ከዚያ በኋላ እግሬን ሳላይ አንድ እርምጃ አልተራመድኩም።

ድንጋዩስ እንዴት እንዲህ ተተረተረ? ጉዱ ያለው ከሥሩ ነው፤ ጨው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ባሕር ነበረ። ደረቀና በጣም ወፍራም የጨው ንጣፍ ቀረ። በላዩ አሸዋና ደለል ተከመረ፣ ድንጋይ ሆነ። ጨው ሲጫኑት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይንሸራተታል፣ ያብጣል። ላዩ ያለው ድንጋይ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ውስጥ ውኃ ገባ፣ ውኃው በረዶ ሆነ፣ በረዶው እየገፋ ግድግዳ ግድግዳ አደረገው። ቀለሙ ከብረት ዝገት ነው፤ እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ትንሽ ብረት ለብሳለች። ገንዳ ውስጥ የማይለቀኝ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አንድ ቦታ ላይ መተላለፊያው በጣም ጠበበ። ቦርሳ አውልቆ፣ በጎን ሆኖ ማለፍ ነው። ደረቴ አንዱን ግድግዳ፣ ጀርባዬ ሌላውን ነካ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። አሸዋው ትከሻዬ ላይ ሲራገፍ ይሰማኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንጀራ የለመደ ሆድ እዚያ ጋ ይፈተናል። ከኋላዬ የነበረችው ጀርመናዊት «ትንፋሽሽን አውጪ» አለችኝ። አወጣሁ። አለፍኩ። ወጥቼ ሳቅኩ፤ ሁላቸውም ሳቁ።

ከዚያ ሰርፕራይዝ አርች የሚባለው ቅስት ዘንድ ስንደርስ ሬንጀሯ ተራርቀን እንድንቀመጥና ለጥቂት ደቂቃ እንዳንነጋገር አዘዘችን። ስልክ የለም። የሱፐርቫይዘር ሬዲዮ የለም። «እናቴ ቻርጀሬ የት ነው?» የሚል የለም። መጀመሪያ ጨነቀኝ፤ ሥራ የረሳሁ መሰለኝ። ቆይቶ የወፍ ክንፍ አየሩን ሲቀዝፍ ሰማሁ። ወፏ ሳትሆን ክንፏ! እንደዚያ ያለ ጸጥታ ውስጥ መጨረሻ የተቀመጥኩት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ብዬ ነበር፤ አልመጣልኝም።

በዚያ ሁሉ ጉዞ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። የየት አገር ሰው እንደሆንኩ፣ ወረቀቴን በምን እንዳገኘሁ፣ ስንት እንደሚከፈለኝ፣ ልጄ ለምን እንዳላገባች የጠየቀኝ የለም። ውኃ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እጃቸውን ሰጡኝ። እኔም ሰጠሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አብረን ዞርን፣ ቻው ተባባልን፣ ተለያየን። ስልክ ቁጥር አልተለዋወጥንም። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

«ጡረታ ስወጣ እሄዳለሁ» የምትሉ አላችሁ፤ በተለይ ጉልበታችሁን የምትዳብሱ። እዚያው ፓርክ ውስጥ ዎል አርች የሚባል ትልቅ ቅስት ነበር። በነሐሴ 2008፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በአንድ ሌሊት ወደቀ። ድንጋይ እንኳ ጡረታችሁን አልጠበቀም። በዚህ ጉልበት ነው ጡረታ የምትጠብቁት?

ሌላውን ቶሎ ልበል፤ ሰዓት እያሳዩኝ ነው።

የሬንጀሩ ጉዞ ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ቶሎ ያልቃል። ውኃ ለአንድ ሰው ለቀን አንድ ጋሎን ያዙ። በሐምሌ አትሂዱ፤ የቬጋስ ሐምሌ ይበቃችኋል። ሰማዩ ሩቅ ቦታ ጠቁሮ ካያችሁ ጠባብ ሸለቆ አትግቡ፤ ጎርፉ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ይደርሳል። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለአንድ ሰው ብቻ፤ ለእድሩ በሙሉ አይደለም። ራቅ ያለ የማይመቸው ሬድ ሮክ ይሂድ። እዚያም ሰው የሚመራቸው የእግር ጉዞዎች አሉ፤ ከሺፍት በፊት ደርሶ ይመለሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሐሳቤን ቀድመው የሰሙ የኮሚቴው አባላት «በጣም ጥሩ፤ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ዶሮ ወጥ አሠርተን፣ ሁላችንም አብረን እንሂድ፤ አንቺ አስተባብሪ» ብለውኛል። ሂዱ። ደስ ይላል። ዶሮ ወጡም ይጣፍጣል። እኔ ግን አላስተባብርም፣ አልመዘገብም፣ አውቶቡሱ ላይም የለሁበትም። ትኬት አቆራረጡን አሳዪን የምትሉ በዕረፍት ሰዓቱ ኑ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አሳያችኋለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ፈቃድ ሞልቻለሁ፤ ጸድቋል። የት እንደምሄድ ባሌ ያውቃል። እሱን አትጠይቁት።

መልካም አዲስ ዓመት። አመሰግናለሁ።