መለኪያው ከክንድ ሲፈታ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በጎ ፈቃደኞች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ከአንድ ስህተታችን ልጀምር። በየቦታው እየሄድን ጤና የመመርመር ሥራችንን ስንጀምር ሁለት ጠረጴዛ ዘርግተን ነበር። አንዱ ላይ «ደም ግፊትና ስኳር»፣ ሌላው ላይ «የአእምሮ ጤና» ብለን ጻፍን። የመጀመሪያው ጋ ሰልፉ አያልቅም። ሁለተኛው ጋ ባለሙያችን ብቻዋን ተቀምጣ ዋለች። የሚጨነቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ጎረቤት እያየው እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ለማንም ይከብዳል።

ጽሑፉን አነሳነው። አሁን ሁሉም ለግፊት ይመጣል። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል አረፍ ይላል። ሲለካም አይወራም፤ ወሬ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። መለኪያው ከክንዱ ሲፈታ ግን «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» እንለዋለን። ይቺ ጥያቄ ማንንም አታሳፍርም። ቀጥለን ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከፍቶት እንደሆነ፣ ድሮ ደስ የሚለው ነገር አስጠልቶት እንደሆነ እንጠይቃለን። እዚያ ላይ ስንቱ እንባው እንደሚቀድመው እናንተ ታውቃላችሁ።

አካልንና አእምሮን ለያይቶ ማከም ሕይወት ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ልብ፣ ሳንባ፣ ስኳር፣ ኢንፌክሽን ነው። መከላከል የሚቻል በሽታ! «ደረቴን አመመኝ» ሲሉ «ያው የአእምሮ ሕመሙ ነው» ተብለው የሚመለሱ አሉ። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

«ባለሙያ በሌለበት ምን እናደርጋለን?» ለምትሉ፣ የዚምባብዌዎቹን አያቶች ላስታውሳችሁ። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመረው ከ14 አያቶች ጋር ነው። አያቶቹ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያዳምጣሉ። ከብዙ ችግር አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። «ድብርት» የሚለውን ቃል እንኳ አላስቀደሙም፤ ሕዝቡ ራሱ በሚጠራበት ስም «ሀሳብ በዛብህ ወይ?» ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች ጭንቀትና ድብርታቸው ከሌሎቹ በበለጠ እንደቀለለላቸው አሳይቷል።

አንድ ፍርሃት ደግሞ ከመካከላችን ይውጣ። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሀሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። በግልጽ፣ በእርጋታ ጠይቁ። «አዎ» ብሎ የመለሰላችሁን ሰው ብቻውን አትተዉት። ባለሙያ ጋ እስኪደርስ አብራችሁት ሁኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ዓመት አዲስ ቦታ ባንጨምር እመርጣለሁ። የሄድንበት እንመለስ። ደም ግፊት እንኳ በአንድ ቀን ልኬት አይረጋገጥም፤ በሌላ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ መደገም አለበት። የድብርት መድኃኒትም የሚያሽለው ከሳምንታት በኋላ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ይቀድማል። ያን ጊዜ «አይዞህ፣ ትንሽ ታገስ፣ ሐኪምህን ሳታማክር አታቋርጥ» የሚል ሰው ካጣ ይተወዋል። ሪፈር ጽፈን የላክነው ሰው ይድረስ አይድረስ ካላወቅን፣ የሰጠነው ወረቀት ብቻ ነው።

ምሥጢር መጠበቁን አልደግመውም፤ ሁላችሁም ፈርማችሁበታል። የእናንተን ድካም ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የሰው ሐዘን ቤት ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሥራው ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እንዲሆን፣ በየወሩም እርስ በርስ የምትደማመጡበት ቀን እንዲኖር ሀሳብ አቀርባለሁ። በጀቱ ቢጠብ ከሌላ እንቀንስ እንጂ ከዚህ አይነካ።

ስብሰባው ተከፍቷል። የመጀመሪያው አጀንዳ ክትትል ነው። ቤት ለቤት የምትሄዱት ቅድሚያ ተናገሩ።