«ሲርበው ይጠጣል» ለምትሉ ሁሉ

እንደምን አረፈዳችሁ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ልጅ የምትይዙ እህቶች። ከኋላ ቆማችሁ ልጅ የምታባብሉትም እንደምን አረፈዳችሁ። ካለቀሰባችሁ አትውጡ። እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ለቅሶ ለምጃለሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ልጆቻችሁን ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ ሲጮሁብኝ አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁንማ በእናቶቻችሁ እቅፍ ሆናችሁ ስትመጡ አውቃችኋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ተጠንቅቄ አልናገርም።

የጡት ማጥባት ሳምንት ስለሆነ አዘጋጆቹ «የእናት ጡት ወተት ጥቅም» የሚል ርዕስ ሰጥተውኛል። ጥቅሙን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይጀምር፤ እስከ 6 ወር ውሃም ቢሆን አይቅመስ፤ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ይሄው ነው። እኔ የምጨምርበት የለኝም።

ጡጦ ይዤ ወደዚህ ስወጣ ያጉረመረሙ አሉ። ሰምቻችኋለሁ። «በዚህ ሳምንት ጡጦ?» አላችሁ። አዎ፣ በዚህ ሳምንት ጡጦ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ የዱቄት ወተትም ሆነ ጡጦና የጡጦ ጫፍ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ይከለክላል፤ እኔም ደንቡን እደግፋለሁ። ለዚህ ነው የያዝኩት ጡጦ ላይ ያለውን ስም በፕላስተር የሸፈንኩት። ወተቷን ከጡቷ አልባ ለልጇ አስቀምጣ ወደ ሥራ የምትሄድ እናት ግን ጡት ማጥባት አላቆመችም። እሷን የሚረዳት ሰው ያስፈልጋታል። እየረዳናት አይደለም። አንዲት አባባል ብቻ ሰጥተን ነው የምንሸኛት።

«ተዪው፣ ሲርበው ይጠጣል።»

ይህችን የሰማችሁ እጃችሁን አንሱ። እሺ፣ አውርዱ። የተናገራችሁ እጅ አንሱ አልልም፤ ጠብ ይነሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ልጁ ከጡት ሌላ አያውቅም። ጡጦ ሲያስጠጉለት ከንፈሩን ይገጥማል። በግድ ሲያስገቡለት በምላሱ ይገፋዋል፣ አንገቱን ያዞራል፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል። እናት ትደነግጣለች። ያኔ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ይቅር ይበለኝና አንዳንዴም የሙያ ባልደረባዬ፣ «አመል ነው፣ ሲርበው ይጠጣል» ይላታል።

አመል አይደለም!

እስቲ ለአፍታ ልጁን እንሁን። ጡት ለስላሳ ነው። ይሞቃል። የእናት ጠረን አለው። አፉን በሰፊው ከፍቶ ይጎርሰዋል። ወተቱ ወዲያው አይመጣም፤ ትንሽ ጠባ ጠባ ሲያደርግ ነው የሚለቀው። ሲደክመው ያቆማል፤ ወተቱም አብሮት ጋብ ይላል። ጡጦስ? ጫፉ ቀዝቃዛ ነው፤ የላስቲክ ሽታ አለው። ገና ከንፈሩን ሲያልፍ ያንጠባጥባል። ልጁ ለመዋጥ ሳይዘጋጅ አፉ ይሞላል። ትን ይለዋል። አንዴ ትን ያለው ልጅ በሚቀጥለው ቀን ያን ዕቃ ሲያይ ፊቱን ቢያዞር ምን ይገርማል?

ዕድሜውንም እዩት። አዲስ የተወለደ ሕፃን አፉ ውስጥ የገባለትን ሁሉ ይጠባል። አስቦበት አይደለም፤ አብሮት የተወለደ ነገር ነው። ወደ 3 እና 4 ወር ሲጠጋ ያ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ መጥባት በፈቃዱ ይሆናል። ብዙ እናቶች ወደ ሥራ የሚመለሱት መቼ ነው? እዚያው ዕድሜ ላይ። «አልፈልግም» ማለት በቻለበት ሰሞን ነው እኛ ጡጦ ይዘን ከች የምንለው። ስለዚህ ሥራ የምትገቡ እናቶች፣ ጡት መጥባቱ መስመር ሲይዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ትንሽ አስለምዱት። ከዚያ በፊት አትቸኩሉ። ካለፈባችሁም አልመሸም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጨምረው።

ወደ ረሃቡ ልመለስ። የተራበ ልጅ አይማርም። ሲጮህ ምላሱ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ መተንፈሱና መዋጡ ይምታታበታል። ያን ጊዜ ጡጦ ብትሰጡት ጡጦን ከጭንቀት ጋር አያይዞ ይይዘዋል። ደግሞም ሁሉም እጅ አይሰጥም። ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ እናቱን የሚጠብቅ ልጅ አይቻለሁ፤ ጥርስ እንኳ ሳያበቅል! ሕፃን ደግሞ ፈሳሽ ቶሎ ነው የሚያልቅበት። ዳይፐሩ ለሰዓታት ደረቅ ከሆነ፣ ካንቀላፋ፣ አፉ ከደረቀ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚሮጠው።

አንዲት እናት ነበረች። ልጇ አራት ወር ገደማ ነው። ቤተሰቡ መክሮ «ልምምድ» ተባለና ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ጡት ተከለከለ። አያት ያዙት፣ እምቢ። አክስት ያዘችው፣ እምቢ። ጎረቤት ተጠራች። እናትየው ጠረኗ እንዳይደርሰው ተብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ተደበቀች። በገዛ ቤቷ! የልጇን ጩኸት ከውስጥ ትሰማለች። እሱ ባለቀሰ ቁጥር ወተቷ ይፈሳል። በመሃል ሳል አመለጣት። ልጁ ድንገት ዝም አለ፤ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያማ ማን ይቻለው!

ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ መጡ። ሸሚዟ ከደረቷ እስከ ወገቧ ርሷል፤ በላዩ ሻርፕ ጣል አድርጋበታለች። የልጁ ድምፅ ሻክሯል። «ሲስተር፣ እኔ አበላሽቼው ነው አይደል? ጡት ብቻ ስላስለመድኩት?» አለችኝ። አስቡት። ያለ አንድ ጠብታ ውሃ አራት ወር ያሳደገች ሴት ናት ጥፋተኛ የሆነችው። «አጥቢው» አልኳት። ሁለቱንም ጡት ጠብቶ፣ በመሃል እየተንሰቀሰቀ፣ ተኛ።

ባሏ በር ላይ ቆሟል። ጡጦው በኪሱ ነው። «አንተስ ሞከርክ?» አልኩት። «ኧረ እኔ፣ ማን ሰጥቶኝ» አለ። ያ ሁሉ ሰው ሲፈራረቅ አባት አልተቆጠረም! እሱም እንዳይቆጠር ዝም ብሏል፤ ይሄንንም ልናገር። እናትየው ሥራ ስትገባ ደግሞ በከፊል ልጁን የሚይዘው እሱ ነው።

አስቀመጥኩትና እንዲህ ተባባልን። መጀመሪያ ለጥቂት ቀን ባዶውን ጫፍ ለጨዋታ ስጠው። ያኝከው፣ ይጣለው፤ ይተዋወቁ። ከዚያ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ደስ ብሎት ሳለ፣ ረሃቡም ገና ሳይጠና፣ ትንሽ ወተት ይዘህ ሞክር። እናት ከቤት ትውጣ፤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ፀሐይ ትሙቅ። ልጁን እንደሚጠባ አድርገህ አትቀፈው፤ ጡት ይፈልጋል። ጀርባውን ደረትህ ላይ አስደግፈህ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ይቀመጥ። ካለቀሰ በቃ፣ አቁም፤ አባብለው፣ ነገ ሌላ ቀን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልሶ ተፋ። ከዚያ ጫፉን ይዞ አኘከ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። «ሲስተር! 20 ሚሊ ጠጣ! 20!» ሎተሪ የደረሰው ሰው እንኳ እንዲህ አይጮህም።

እንግዲህ ጡጦ መስጠት ሙያ ነው፤ አባቶች ወደዚህ ጠጋ በሉ። ጫፉ ቀስ ብሎ የሚፈስ ዓይነት ይሁን፤ ለአራስ የሚባለው። ከመስጠታችሁ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሙቁት። ልጁን ቀና አድርጉ። በጫፉ ከንፈሩን ነካ አድርጉና ጠብቁ። አፉን ሲከፍት ራሱ ይጉረሰው እንጂ አትወትፉበት። ጡጦው ጋደም ይበል፤ ጫፉን ወተት ከሞላው ይበቃል። ሽቅብ ከዘቀዘቃችሁት ይጎርፍበታል። ጥቂት ጊዜ ሲውጥ ጡጦውን ዝቅ አድርጉ፣ ይተንፍስ። ዓይኑ ከፈጠጠ፣ ጣቶቹን ከዘረጋ፣ ወተቱ በከንፈሩ ዳር ከወረደ ፈጥኖበታል ማለት ነው። ፊቱን ካዞረ ጠግቧል። «ትንሽ ቀረች እኮ» ብላችሁ አታስጨርሱት። ጡጦውን በትራስ አስደግፎ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ይታነቃል። ጫፉን ማር መቀባትም እንዲሁ፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

አንዳንዱ ልጅ ጡጦውን ሳይሆን ወተቱን ነው የጠላው። ከፍሪጅ የወጣውን ወተት እናት ራሷ ታሽትተው። ሳሙና ሳሙና ይላል? ወተቱ ውስጥ ላይፔዝ የሚባል ስብ የሚያብላላ ኢንዛይም አለ፤ በአንዳንድ እናቶች ወተቱ ሲቀመጥ ሽታውን ይለውጠዋል። አይጎዳም፤ ግን አንዳንድ ልጅ አይወደውም። ወዲያው የታለበ ስጡትና እዩት። ያንን ከጠጣ መልሱን አገኛችሁ። ከዚያ ወዲያ ወተቱ እንደታለበ፣ ሳይፈላ፣ ዳር ዳሩ ትንንሽ አረፋ ማውጣት ሲጀምር አውርዶ ቶሎ ማቀዝቀዝና ማስቀመጥ ነው። አንዴ ሽታው የተለወጠውን ግን መመለስ አይቻልም።

አቀማመጡን አንድ ሁለት ልበል፤ ወረቀቱ ላይ አለ። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ማሞቅ በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ነው። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል።

ጡጦን ጨርሶ እምቢ ካለስ? ይቅር! ጡጦ ግዴታ አይደለም። ትንሽ ስኒ ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አስነክታችሁ ዘንበል ብታደርጉለት በምላሱ እየላሰ ይጠጣል፤ አራስ እንኳ ይችላል። አታፍስሱበት እንጂ። ስኒ ለማጠብም ይቀላል። ልጁ 6 ወር ካለፈው ደግሞ ጡጦውን ዘላችሁ ከኩባያ ጀምሩ።

ቀን ጥቂት ጠጥቶ ማታ እናቱን ሙጭጭ የሚል ልጅም አለ። የቀኑን በሌሊት ያካክሳል። ይደክማል፤ አውቃለሁ። ክብደቱ እየጨመረ ዳይፐሩም እየረጠበ ከሆነ አትሸበሩ።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልናገር፤ አዘጋጆቹ ሰዓት እያሳዩኝ ነው፣ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ወተት ከየት ይመጣል? እናት ሥራ ቦታ ካላለበች ወተቷ ይቀንሳል፤ ጡቷም ያብጣል። የት ትለብ? አንዲት እናት አለቃዋን ቦታ ብትጠይቅ «ሽንት ቤቱ ሰፊ ነው» አላት። ሽንት ቤት! ምሳውን ሽንት ቤት ውስጥ የሚበላ አለቃ ካለ ይነሳና እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ስምምነት ለምታጠባ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይሰጣት ብሏል። በ1919! በ2000 የወጣው ደግሞ ይህ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበት ይላል። መቶ ዓመት አልፎም «ሲርበው ይጠጣል» እንላለን። ልጁን ጡጦ ለማስለመድ ቤተ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፤ አለቃውን አንድ ወንበር፣ አንድ የሚቆለፍ በርና ትንሽ ፍሪጅ ለማስለመድ ግን የሚሰበሰብ ሰው የለም! እዚህ ያላችሁ አለቆች፣ ነገ ጠዋት ክፍሉን ፈልጉ።

ጨርሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ጡጦዎች፣ ስኒዎችና የመለማመጃ አሻንጉሊቶች አሉ። አባቶችና ልጅ ያዦች ቅድሚያ ተሰለፉ፤ አያያዛችሁን አንድ በአንድ አያለሁ። እናቶች እዚያው ባላችሁበት ተቀመጡ፤ ማንም ከክፍሉ እንዳያስወጣችሁ። አመሰግናለሁ።