የዳማ ዲፈረንሻል

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የዳማን፣ ማለትም የጭነት መኪናውን፣ የኋላ ዲፈረንሻል ካስበየደ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ብቻ ነው። ዲፈረንሻል ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል የማርሽ ጥርሶች ስብስብ ነው፤ ሲበየድ ግን ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል ይዞራሉ።

ለምን እንዳስበየደው በሚገባ እረዳለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ከጮቄ ሥር ድንች ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ዋልካው መኪናዋን ይይዝበታል። የፊት ጎማዎቿ አይጎትቱም፤ ያልተበየደ ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚያካፍል፣ አንዱ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ጠንካራ መሬት የያዘው ጎማም ከዚያች ትንሽ ጉልበት የበለጠ አያገኝም።

የሚመላለስብኝ ግን ጋራዡ ውስጥ ያየሁት ነው። መካኒኩ መሀል ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች ከግራና ከቀኝ ጥርሶች ጋር በየዳቸው። የማርሽ ጥርስ ላዩ እጅግ የጠነከረ ብረት ስለሆነና ብየዳው ቶሎ ከቀዘቀዘ ስለሚሰነጠቅ፣ አስቀድሞ አሙቆት ነበር፤ በኋላም አመድ ውስጥ ቀበረው። ገጥሞ ሲጨርስ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ማርሹን ፎሌ አደረገና የግራውን ጎማ በእጁ አዞረው። ወትሮ ወደ ተቃራኒው የሚዞረው የቀኙ ጎማ አብሮት ዞረ። ወንድሜ «ጋሼ፣ ተመልከት፣ አብረው ዞሩ!» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። መካኒኩ ግን እጁን ከጎማው ላይ ሳያነሳ «አባይ በረሃ ትወርዱባታላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ወንድሜ «አንዳንዴ» አለው። መካኒኩ ዝም አለ፤ ጎማውን አንድ ጊዜ ደግሞ አዞረና እጁን መጥረግ ጀመረ።

ያ ዝምታ ምን ማለት ነበር? በሁለቱ ጎማዎች መካከል አንድ ሜትር ተኩል ቢኖር፣ መኪናዋ ዙራ ፊቷን ወደ መጣችበት በምትመልስበት ጠምዛዛ ሁሉ የውጭው ጎማ ከውስጡ 4.7 ሜትር ያህል የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት፤ ጠምዛዛው ቢሰፋም ቢጠብም ልዩነቱ ያው ነው። ፈረንሳዊው ፔኬር በ1827 ዲፈረንሻልን በስሙ ያስመዘገበው ይህንኑ ልዩነት ለማስታረቅ ነበር። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይከፍላል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወስደው አስፋልት ላይ ግን ወይ ጎማው ይፋቃል፣ ወይ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ይጠመዘዛል፤ ዝናብ ከጣለበት ደግሞ የመኪናዋ ጀርባ ሊያመልጥ ይችላል። ብየዳው ተሰብሮ ስባሪው ትልቁ ጥርስ ውስጥ ቢገባስ? የኋላ ጎማዎቹ ቁልቁለቱ ላይ በድንገት ሊቆለፉ ይችላሉ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከጭቃ ለማትወጣ መኪና ብየዳው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሲፈለግ የሚቆለፍና የሚለቀቅ ዲፈረንሻል ቢገኝ ይሻል ነበር፤ ዋጋውን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ደግሞ ትናንት ደውሎ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ገፉልኝ ብሎ ሰው ሳይጠራ ሙሉ ጭነት ይዞ ደብረ ማርቆስ መግባቱን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ እኔንም ከልቤ አስደሰተኝ፤ ስለ አባይ በረሃ ላነሳበት አስቤ የነበረውንም ተውኩት። መስከረም ሲጠባ ይፈታዋል እንዳልል ብየዳ እንደ ብሎን አይፈታም፤ ሌላ ዲፈረንሻል ገዝቶ መቀየር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። ጭነቱን ለሌላ መኪና ስጥ ልለው እችል ይሆናል፣ ነገር ግን ያ ጭነት ለቤቱ ምን እንደሆነ ስለማውቅ...