ጠፍጣፋ ወይስ ድርድር? ቤት ውስጥ በመብራት የሚበቅል አትክልት

ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬም በመብራት ነው የምናበቅለው። ችግኞቹን በአንድ ወለል ላይ ማሰለፍ ይሻላል ወይስ ወደ ላይ መደርደር?

እስቲ አንድ ፋኖስ አስቡ። አራት ልጆች ከብበውት ያነባሉ። ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይሄዳልና ለአራቱም ገጽ ይደርሳል። አሁን ይኸንኑ ፋኖስ ጣሪያ ላይ ስቀሉት፤ ልጆቹንም ከሥሩ አስቀምጧቸው። ብዙው ብርሃን ጣሪያውንና ግድግዳውን ሲያበራ ይቀራል። ስለዚህ ከላዩ አንጸባራቂ ክዳን ታደርጉለታላችሁ። ጠፍጣፋው አተካከል ይህ ነው። በመካከል የተንጠለጠለ አምፖልና በዙሪያው ወደ ላይ የተደረደሩ ተክሎች ደግሞ የመጀመሪያው ፋኖስ ናቸው፤ አንዱ የድርድር ዓይነት ይህ ነው። እኔ ይህን ፋኖስ እወደዋለሁ፤ ገና እንመለስበታለን።

ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ «ወደ ላይ ከደረደርኩ የመብራት ወጪዬ ይቀንሳል አይደል?» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። አይቀንስም! ልጆቹ ስምንት ሆኑ እንበል። ቦታ እንዲበቃቸው ሁሉም ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ጋዙ ያው ነው፣ ፋኖሱም ያው ነው፤ ገጹ ግን ጨልሟል። ተክልም ብርሃን የሚፈልገው በቅጠሉ ስፋት ልክ እንጂ በወለሉ ስፋት አይደለም። አራት መደርደሪያ አራት እጥፍ መብራት ይፈልጋል። ድርድር የሚቆጥበው ወለል ነው፤ ወለል ብቻ!

ቁጥሩን በፍጥነት ልንገራችሁ። ለተክል ብርሃን የሚቆጠረው በቅንጣቱ ብዛት ነው፤ መቁጠሪያው ሞል ይባላል፤ ማይክሮሞል ደግሞ የሞል አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በካሬ ሜትር በሰከንድ 250 ማይክሮሞል ለ16 ሰዓት ብትሰጡ በቀን 14.4 ሞል ይሆናል፤ ለሰላጣ ይበቃል። ቲማቲም በቀን ከ20 ሞል በላይ ይፈልጋል። በሉክስ የምትለኩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ሉክስ ብርሃንን የሚለካው ለሰው ዐይን በሚታየው መጠን እንጂ በቅጠል ፍላጎት አይደለም። የብርሃን መለኪያዎችን ያነጻጸርንበት ቪዲዮ ቻናሉ ላይ አለላችሁ።

አሁን ወደ መደርደሪያዬ ቀረብ በሉ። ከላይኛው ወለል ያለው ሰላጣ ለጋ ቅጠሎቹ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ጣት ሲነካው ይፈረፈራል። ብርሃን በዝቶበት መስሎኝ መብራቱን ወደ ላይ አራቅሁት፤ ለውጥ አልነበረውም። ችግሩ የታፈነው አየር ነበር። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ከቅጠሉ ውሃ በደንብ አይተንም፤ ውሃው ካልተነነ ደግሞ ከውሃው ጋር የሚጓዘው ካልሲየም ለጋው ቅጠል ዘንድ አይደርስም፤ ጫፉም ይደርቃል። በየወለሉ ትንሽ ማራገቢያ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የወጡት ቅጠሎች እነዚህ ናቸው፤ ጫፋቸውን ተመልከቱ።

ስለዚህ ለሰላጣና መሰል አጫጭር ቅጠላ ቅጠሎች ድርድሩን እመርጣለሁ። ቲማቲም ግን ቁመቱ መደርደሪያ አይፈቅድለትም፤ ጠፍጣፋው ላይ ተክሉት።