የኪንሎክ ግንብና ባለቤቶቹ

የተከበራችሁ የጉባኤው ታዳሚዎች፣

ዛሬ የማነሣላችሁ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በራም ደሴት ላይ የቆመውን የኪንሎክ ግንብ ነው። አንድ ባለጸጋ ለራሱ መዝናኛ ያሠራው ቤት እንዴት የሕዝብ ዕዳ ሆኖ እንደቀረ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ ጭር ያለች የአደን ስፍራ የሆነችው እንዲሁ አልነበረም። በ1826 የዘመኑ ባለርስት መሬቱን ለበግ እርባታ ፈልጎት 300 ያህል ነዋሪዎች ባሕር ተሻግረው ወደ ካናዳ እንዲሰደዱ ተደርጓል። በ1888 ደግሞ በጥጥ ፋብሪካ ማሽኖች የበለጸገው እንግሊዛዊ ጆን ቡሎው ደሴቲቱን ገዛ፤ ሲሞትም ለልጁ ለጆርጅ ተላለፈች።

ጆርጅ ሊሚንግና ሊሚንግ በተባሉ አርክቴክቶች ንድፍ ግንቡን ከ1897 እስከ 1900 አሠራ። ቀዩ ድንጋይ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው። ማማዎቹና ጥርሳማው የጣሪያ ጠርዝ የጦር ምሽግ ያስመስሉታል፤ ነገር ግን ምሽግ በአምዶች የተደገፈ ሰፊ በረንዳ ዙሪያውን አይኖረውም፣ ስለዚህ እኔ የምቆጥረው እንደ ቲያትር መድረክ ነው። እውነተኛው ብልሃት ያለው ውስጡ ነው። ከተራራ የሚወርድ ውኃ ኤሌክትሪክ ያመነጭለት ነበር። ከደረጃው ሥር ደግሞ ኦርኬስትሪዮን የሚባል ግዙፍ የሙዚቃ ማሽን ተተክሏል፤ በተበሳሳ የወረቀት ጥቅል እየተመራ መለከቱንም ከበሮውንም ያለ ሙዚቀኛ ይጫወታል። የመታጠቢያ ገንዳው ባለ ከለላ ሲሆን፣ ውኃው ከላይም ከጎንም እንዲረጭ የተለያዩ መዘውሮች ተገጥመውለታል።

ጆርጅ በ1939 አረፈ። ባለቤቱ ሌዲ ሞኒካ በ1957 ደሴቲቱን ከነግንቡና ከነዕቃው ለመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋም በ23,000 ፓውንድ ሸጠች። በእኔ አስተያየት የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ተቋሙ የፈለገው አጋዘኑን፣ ወፉንና ተራራውን ሲሆን፣ ቤቱ አብሮ የመጣ ሸክም ነበር። ግንቡ ለዓመታት በእንግዳ ማረፊያነት አገልግሏል፤ ይሁን እንጂ ዝናብ በማያባራበት ደሴት ላይ ጣሪያና አሸንዳ በየጊዜው ካልታደሱ እርጥበቱ ወደ እንጨቱና ወደ ግድግዳው ይዘልቃል፣ የሆነውም ይኸው ነው። የመንደሩ መሬት በኋላ ወደ ነዋሪዎቹ ማኅበር ሲዛወር እንኳ ግንቡ በመንግሥት እጅ ቀርቷል።

ስለዚህ ማንም ይረከበው ማን፣ የመጀመሪያው የውል አንቀጽ ጣሪያው በማን ገንዘብና እስከ መቼ እንደሚጠገን የሚወስን መሆን አለበት እላለሁ፤ ነዋሪዎቹም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሊደመጡ ይገባል።

አመሰግናለሁ።